ነቀዝ የናቀው እህል

በሉ ጠጋ ጠጋ በሉ። የሚያስነጥስ አሁን ያስነጥስ፣ የሚጣላም አሁን ተጣልቶ ይታረቅ። አንዴ ከጀመርኩ በኋላ የሚያቋርጠኝ ካለ ተረቱን ከመሀሉ ቆርጬ ወደ ቤቱ ነው የምሰደው። እሺ በሉ። እሺ? ጎሽ፣ የኔ ልጆች።

በድሮ ዘመን፣ ድሮ ስላችሁ ደግሞ የአባቶቻችሁ ልጅነት እንዳይመስላችሁ፣ ከዚያ በጣም ቀደም ብሎ፣ ሙሉጎተራ የሚባል አገር ነበር። ሰዎቹ ትጉዎችና ደጎች ነበሩ። አንድ መጥፎ አመል ግን ነበረባቸው፤ ሰውን የሚያከብሩት በጎተራው ልክ ነበር። ባለ ትልቅ ጎተራው ሲያስነጥስ መንደሩ ሁሉ «ይማርህ ጌታዬ!» ይለዋል። ባለ ትንሽ ጎተራው ሲያስነጥስ «ይሄ ደግሞ ምን ያስነጥሰዋል!» ይባላል።

ንጉሡ ከሁሉም የባሰ ነበር። ጠዋት ሲነሳ ፊቱን ሳይታጠብ ጎተራውን ያያል። ምሳውን በልቶ ጎተራውን ያያል። ሊተኛ ሲልም ሄዶ ጎተራውን ያያል። ጠላት መጣ ቢሉት «እህሉ ደህና ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ንጉሥ ነበር።

በዚያ አገር አንጓች የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ ሞቶባት፣ እንጉዳይ ከምትባል አንዲት ልጇ ጋር ነበር የምትኖረው። አንጓች እሳት የላሰች ናት፤ በምላሷ ገበያ ትበትናለች። ልጇ ግን ዝምተኛ ነበረች። እንጉዳይ ጥጥ ስትፈትል ያያት ሁሉ ይደነቃል፤ በዚያ በለጋ እጇ የምታወጣው ክር እኩልና ቀጭን ነበር። አንጓች በዚህ ዓለም ላይ የምትኮራባቸው ነገሮች ሁለት ነበሩ፤ ይህቺ ልጇና ጎተራዋ። ጎተራዋ ከንጉሡ ቀጥሎ በአገሩ ትልቁ ነበር። ይህንንም ለሰው ሳትናገር ውላ አታድርም።

የሙሉጎተራ ሰው ጠላቱ አንድ ብቻ ነበር፤ ነቀዝ። ታውቁታላችሁ አይደል? ያ ትንሽዬው፣ አፈ ሹሉ፣ ስንዴውን ከውስጥ ቦርቡሮ ቅርፊቱን የሚያስታቅፈን። ሰዎቹ አመድ ቀላቀሉበት፣ አልጠፋም። እህሉን ፀሐይ ላይ አሰጡት፣ ነቀዙ ትንሽ ሞቆት ተመልሶ ገባ። ጎተራውን በጭስ አጠኑት፣ እሱም አስነጠሰና መብላቱን ቀጠለ።

ታዲያ አንድ የገበያ ቀን ይርሳው የሚባል ነጋዴ በበቅሎ ሆኖ መጣ። ይርሳው ወፈር ያለ፣ ፊቱ የሚያበራ፣ አንደበቱ የሚጣፍጥ አታላይ ነበር። አታላይ መሆኑን የምነግራችሁ እኔ ነኝ፤ እነሱማ በምን ያውቃሉ? አታላይ መቼ ግንባሩ ላይ ጽፎ ይዞራል!

ከበቅሎው ሳይወርድ አንድ ቅል አወጣ። ከቅሉ ነጭ ዱቄት በማንኪያ ጨልፎ አሳየ። ልብ በሉ፣ በማንኪያ ነው፤ በእጁ አልነካውም።

«እናንተ የሙሉጎተራ ሰዎች!» አለ። «እስከ መቼ ለነቀዝ ታርሳላችሁ? እስከ መቼ ለነቀዝ ትዘራላችሁ? እስከ መቼ ለነቀዝ ታጭዳላችሁ? ይህን ዱቄት ከእህላችሁ ጋር ቀላቅሉት። ነቀዝ የሚባል ዘር ካያችሁ እኔን ይርሳው አትበሉኝ!»

አንጓች ከሕዝቡ መሀል ወጣ አለች። «ቆይማ ወንድሜ፣ ሰውንስ አይጎዳም?»

ጥያቄው ትክክል ነበር። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ እሷ ብቻ ናት የጠየቀችው። ይርሳው ግን ከት ብሎ ሳቀ።

«እመቤቴ፣ አንቺ ነቀዝ ነሽ እንዴ?»

ገበያው በሳቅ ፈረሰ። ሽማግሌው ሳቀ፣ ባልቴቷ ሳቀች፣ ጨው ሻጩ ሆዱን ይዞ ሳቀ። አንጓች ፊቷ ቀላ። እንደሷ ያለች ሴት ከሚሳቅባት ብትሞት ትመርጣለች። እናም አላዋቂ ላለመባል ከሁሉም ቀድማ ገዛች፤ ያውም ሁለት ቅል። ከሷ በኋላ ማን ይቀራል? ማሩን የያዘ በማሩ፣ ቅቤውን የያዘ በቅቤው፣ ሙክቱን የጎተተ በሙክቱ ዱቄቱን ለወጠ። ንጉሡም ሰምቶ ለጎተራው ሁሉ አስመጣ።

ዱቄቱ ሠራ፣ አልዋሸም። በመጀመሪያ ነቀዝ ጠፋ። ሰዎቹ «እልል!» አሉ።

ቀጥሎ እህል ሊሰርቅ የገባው አይጥ ሁሉ እግሩን ሰቅሎ ተገኘ። አይጥ ጠፋ። ሰዎቹ «እልል!» አሉ።

ቀጥሎ ከግቢው ፍርፋሪ የሚለቅመው ወፍ ከዛፉ ረገፈ። ወፍ ጠፋ። ሰዎቹ አሁንም «እልል!» አሉ። ዶሮዎቻቸው ደግሞ ተራ በተራ ክንፋቸውን ጥለው ሲያልቁ ትንሽ ዝም አሉ። ግን ትንሽ ነው። «ዶሮም ቢሆን እህል ፈጅ ነው» ብለው ተጽናኑ።

አንድ ጠዋት አንጓች ጎተራዋ ሥር ስትጠርግ አንድ ሽማግሌ ነቀዝ በግድግዳው ላይ ቀስ እያለ ሲወርድ አየች።

«ወዴት ነው ደግሞ?» አለችው።

«ወደ ስደት ነዋ፣ እትዬ አንጓች።»

«እሰይ! የለፋሁበትን ስትበላ ኖረህ!»

«በላሁ፣ አልክድም። አባቴም እዚሁ በልቷል፣ አያቴም እዚሁ በልቷል። ዛሬ ግን ልጆቼን በሙሉ ቀብሬ ነው የምወጣው» አለ ነቀዙ። «እንዲያው አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ይህን እህል ከእንግዲህ ማን ሊበላው ነው?»

«እኛ ነና!»

«እኛ ያልቻልነውን?»

«ውጣልኝ ከዚህ!» ብላ መጥረጊያውን አነሳችበት። ነቀዙም ግድግዳው ሥር ገብቶ ጠፋ። አያችሁ፣ ነቀዝ የሚያወራው እውነት ቢሆንም ነቀዝ ነውና ማን ይሰማዋል!

አሁን ስለ ይርሳው ልንገራችሁ፤ ጉዱ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ሰዎቹ ከነቀዝ የገላገላቸውን ሰው ሊጋብዙት ይሻማሉ። እሱ ግን በዚያ አገር እህል አይቀምስም። ረቡዕ ዳቦ ቢያቀርቡለት «ረቡዕ እኮ ነው፣ ጾመኛ ነኝ» ይላል። ሐሙስ ቢያቀርቡለት «ለአባቴ ነፍስ እጾማለሁ» ይላል። እሑድ ቢያቀርቡለት ዓይኑን ወደ ሰማይ ሰቅሎ «ከእህል ልርቅ ስእለት አለብኝ» ይላል። የደብሩ አለቃ መምሬ ይትባረክ «እሑድማ አይጾምም» ሊሉ አፋቸውን ከፍተው ነበር። ነገር ግን ጎተራቸውን አሰቡትና መልሰው ዘጉት።

«እንዴት ያለ ጻድቅ ሰው ነው!» አለ አገሩ። «እህል ሳይቀምስ ይውላል፣ እህል ሳይቀምስ ያድራል!» ስሙንም ትተው «አባ ጾሙ» ብለው ይጠሩት ጀመር። ሴቶቹ ጉልበቱን ይስማሉ። አንድ ተላላ ሰው «ታዲያ በጾም እንዴት ወፈረ?» ብሎ ቢጠይቅ «ጸጋ ነው እንጂ! ጸጋ ያወፍራል!» ብለው አሳፈሩት። ተላላ የተባለው እሱ መሆኑን ልብ በሉልኝ።

ብዙም አልቆየ፣ ልጆች መታመም ጀመሩ። መጀመሪያ የታመሙት ልጆች የሆኑት ቆሎ የሚቆረጥመው ልጅ ስለሆነ ነው። ራሳቸውን ያማቸዋል፣ ምራቃቸው ይዝረበረባል፣ የበሉትን ያስመልሳቸዋል። ከዚያ እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ቀጥሎ ትልልቆቹ ተከተሉ። አንዳንድ ሴቶች ጠርጥረው እህሉን ወንዝ ወስደው አጠቡት። እጣቢው ወደ ታች ወረደ፤ በማግስቱ ዓሣው ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ ተንሳፈፈ፣ እንቁራሪቱም ድምፁ ጠፋ። ውሃውን የጠጡት የታችኛው መንደር ከብቶችም ተልፈሰፈሱ።

ንጉሡ ሦስት አዋቂዎች ነበሩት። ሰብስቦ «ሕዝቤ ምን ሆኖ ነው?» አላቸው።

አንደኛው ጺሙን አሻሸ። «ጃንሆይ፣ ነፋስ ነው። ዘንድሮ የነፈሰው ነፋስ ደግ አይደለም።»

ሁለተኛው ካባውን አስተካከለ። «ጃንሆይ፣ ጥጋብ ነው። ሕዝቡ እንዲህ ሞልቶለት ስለማያውቅ ሆዱ ደነገጠ።»

ሦስተኛው ከሁለቱም የባሰ ነበር። «ጃንሆይ፣ በሽታ ማን አለ? ደስታ ነው! እስክስታ ሲወርዱ ትከሻቸው አይንቀጠቀጥም? አሁን ደግሞ ደስታው ወደ እጃቸው ወርዶ ነው።»

ንጉሡ ሦስተኛውን በጣም ወደደው። የራሱም እጅ መንቀጥቀጥ ጀምሮ ስለነበር መልሱ ተስማማው። ነጋሪት አስመታ። «ከዛሬ ጀምሮ የሚንቀጠቀጥ ሁሉ ደስ ብሎት ነው! ‹አመመኝ› የሚል ይቀጣል! ‹ደስ አለኝ› ይባል!»

ወይ የዚያን ጊዜ ሰው! እናቶች በመንገድ ሲገናኙ «ልጅሽ እንዴት አደረች?» ይባባላሉ። «ምን ታድራለች፣ ሌሊቱን ሁሉ ደስ ሲላት አደረች» ትላለች እናትዮዋ፣ እንባዋን በነጠላዋ እየጠረገች። ከገበያው ማዶ የነበረ የአንድ ሸማኔ ሕፃን ሲሞትም አዋጁን ፈርተው «በደስታ ብዛት አረፈ» ብለው ቀበሩት። አትሳቁ። እኔ ራሴ ይህቺን ስናገር ያንገበግበኛል።

ይርሳውስ ምን አለ? «ያነሰው ዱቄት ነው» አለ። «እፍኝ ያደረጋችሁትን ሁለት እፍኝ አድርጉት!» አደረጉት። ንጉሡም በዚህ ምክሩ ተደስቶ «ለፋሲካ የአገሩ የእህል ሹም አድርጌ እሾመዋለሁ» አለ። ሹም ከሆነ ደግሞ ዱቄቱ ያልተቀላቀለበት አንድም ጎተራ አይኖርም፤ ሹሙ ያዘዘውን ማን ይመልሳል?

ከዚያ ነገሩ አንጓች ቤት ገባ።

እንጉዳይ እየፈተለች ሳለ እንዝርቱ ከእጇ ወደቀ። አነሳችው። እንደገና ወደቀ። ሦስተኛ አነሳችውና ክሩ ተቆረጠ። «እማዬ፣ እጄ እንቢ አለኝ» አለች። አንጓች የልጇን እጅ ስትይዘው እንደተያዘች ወፍ ይርበተበታል። ማታ ያቀመሰቻትን ሁሉ አስመለሳት። በማግስቱ ልጅቷ መቆም አቃታት።

ያኔ ያቺ ገበያ የምትበትነው አንጓች መሬት ተቀምጣ እንደ ሕፃን አለቀሰች። ሁለት ነገር ነበር የምትኮራበት፤ አንዱ ሌላውን ሊገድልባት ነው፤ እሷ ግን ገና አላወቀችም። ልጇን አዝላ እየሮጠች ወደ አባ ጾሙ ሄደች። ጻድቁ እንዲጸልዩላት!

ቀትር ላይ ነበር። ይርሳው ከመንደሩ ወጣ ብሎ ድንኳን ተክሏል። አንጓች ደጁ ላይ ደርሳ «አባቴ» ልትል ስትል ከውስጥ ቀርጠፍ፣ ቀርጠፍ የሚል ድምፅ ሰማች። በቀዳዳ አጮለቀች። ጻድቁ ስልቻ ከፊቱ ፈትቶ፣ እግሩን አንፈራጦ፣ ቆሎ ይቆረጥማል! ጉንጩ ከዚህም ከዚያም ተወጥሯል። ደግሞ ሲቆረጥም እያቆመ፣ ከቆሎው መሀል አንድ ነገር እየለቀመ ይጥላል።

አንዱ የጣለው ነገር እየተንፏቀቀ በድንኳኑ ሥር ወጣና አንጓች እግር አጠገብ ደረሰ።

«እንዴት ከረምሽ፣ እትዬ አንጓች?» አላት።

ያ ሽማግሌ ነቀዝ ነበር! ወፈር ብሏል፣ ፊቱም ተመልሷል።

«አንተ! እዚህ ምን ትሠራለህ?»

«ምን ላድርግ? በዚህ አገር የሚበላ እህል የቀረው የሰውዬው ስልቻ ውስጥ ብቻ ነው። ከሩቅ አገር ነው የሚያስመጣው። ዱቄቱን አንድ ቅንጣት አላስነካውም። የተረፍን ዘመዳሞች ሁሉ እዚህ ነን፣ ተስማምቶናል።»

ያኔ ሁሉም ነገር ተገለጠላት። ነቀዙን እያባረርኩ እህሉን ለልጄ አበላሁ ማለት ነው? እኔው በእጄ? እኔው ቆልቼ? ደረቷን በቡጢ መታች። ሌላ ሴት ብትሆን ድንኳኑን በላዩ ላይ ታፈርስበት ነበር፤ እሷም ሃሳቡ አልጎደላትም። ግን ልጇ ጀርባዋ ላይ እያቃሰተች ነው። ቤቷ ተመለሰች። ጎተራዋን ዘጋችና ለልጇ ጎመን፣ ወተት፣ ድንችና ከጓሮ የተገኘ ቅጠላ ቅጠል ብቻ ትሰጣት ጀመር። ማስመለሱ ቀስ በቀስ ቆመ። እጇ ግን መንቀጥቀጡን አልተወም።

ከዚያ ለጎረቤት ተናገረች። «እህሉን አትብሉ! ሰውዬው ጾመኛ አይደለም፣ የኛን እህል ፈርቶ ነው!»

ማን ይስማት? «እቺ ምላሰኛ! ደግሞ ጻድቅ ልትከስ ጀመረች!» አሉ። አንዷ «ከነቀዝ ጋር ታወራለች አሉ» ብላ አሾፈች። ደግሞም እውነቷን ነው፣ ታወራለች። ወደ ንጉሡ ብትሄድ ሦስተኛው አዋቂ በር ላይ አገኛትና «ደስ ብሎሽ ነው፤ ሂጂ» ብሎ መለሳት።

አንጓች አሰበች፣ አሰበች። ወቅቱ ዐቢይ ጾም ነበር። ጻድቁ ይርሳው በጾሙ ተሸፍኖ እስከ መቼ ይኖራል? ፋሲካ ሲመጣስ? በፋሲካ የሚጾም ክርስቲያን አለ? ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ እኮ ረቡዕም ዓርብም ጾም የለም! አንጓች ከልጇ መታመም ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። ያን ዓመት በአገሩ ሁሉ ፋሲካን እንደሷ የናፈቀ ሰው አልነበረም።

ፋሲካ ደረሰ። ንጉሡ ግብር አበላ። በሬ ታረደ፣ ጠጅ ተቀዳ። ዶሮ ወጥ ግን የለም፤ ዶሮውን ከየት ያመጡታል! ድፎ ዳቦው እንደ ጎማ ተቆልሎ፣ አይ ጎማ በዚያን ጊዜ የት ነበረ፣ እንደ ወፍጮ ድንጋይ ተቆልሎ ቀረበ። የንጉሡ ምርጥ ስንዴ፣ ሁለት እፍኝ የተደረገበት። ይርሳው በንጉሡ ቀኝ ተቀምጧል፤ የሹመት ካባው ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል። አንጓችም በትልቅ ጎተራዋ ምክንያት ከተጋባዦቹ አንዷ ነበረች። ልጇን ከጎኗ ይዛለች።

ይርሳው ሥጋውን አነሳ፣ ሥጋውን ቆረጠ፣ ሥጋውን ዋጠ። ዳቦውን ግን አልነካም።

አንጓች ተነሳች። «ጃንሆይ፣ ዕድሜዎን ያርዝመው! አባ ጾሙ ምነው ዛሬም ዳቦ አልቀመሱ?»

ይርሳው ዓይኑን ወደ ሰማይ ሰቀለ። «ከእህል ልርቅ ስእለት አለብኝ...»

አንጓች ወደ መምሬ ይትባረክ ዞረች። «አባቴ፣ በፋሲካ ይጾማል?»

መምሬ ጎተራቸውን አሰቡ። የሕዝቡን ዓይን አዩ። ከዚያ የሚንቀጠቀጠውን የራሳቸውን እጅ አዩ። «አይጾምም» አሉ። «ጌታ ተነሥቷል፤ ዛሬ መጾም ኃጢአት ነው። ስእለትህንም ፈትቼልሃለሁ፣ ብላ ልጄ።»

«ጥርሴን... ጥርሴን አሞኛል» አለ ይርሳው።

«ያንን ሁሉ ሥጋ በድዱ ነው ያኘከው?» አለች አንጓች። አንድ ሰው ሳቁ አመለጠው።

ይርሳው ላቡ ወረደ። «በጃንሆይ ፊት እህል ለመቅመስ የማልገባ ሰው ነኝ» አለ ጎንበስ ብሎ።

ይህ ትሕትና ንጉሡን ደስ አሰኘው። «እንዴት ያለ ሰው ነው! ና፣ በእጄ ላጉርስህ!» አለ። ከድፎው ቆርሶ፣ ወጥ አጥቅሶ፣ ጉርሻውን ዘረጋ። የንጉሥ ጉርሻ፣ ልጆች፣ አይመለስም። የንጉሥን ጉርሻ የመለሰ ሰው በዚያ አገር አልተወለደም።

የንጉሡ እጅ ግን ይንቀጠቀጣል። ፍርፋሪው በይርሳው ልብስ ላይ ተራገፈ፣ ወጡ ተንጠባጠበ። ጉርሻው ወደ አፉ ተጠጋ። ይርሳው ጥርሱን ነከሰ። ጉርሻው ከንፈሩን ነካ። ይርሳው ፊቱን አዞረ። ሕዝቡ «እህ!» አለ።

«ብላ እንጂ!» አለ ንጉሡ። «የንጉሥ እጅ ልትመልስ ነው?»

«ጃንሆይ፣ ይማሩኝ!» ብሎ ይርሳው ከመቀመጫው ወደቀ። «ይህን አልበላም! ነቀዝ የሞተበትን እንዴት እበላለሁ? እኔ እኮ ልጆች አሉኝ!»

አዳራሹ ውስጥ ዝንብ ቢኖር ድምፁ ይሰማ ነበር። ዝንብ ግን የለም።

አንጓች ልጇን ይዛ ወደ መሀል ወጣች። አልጮኸችም። ሕይወቷን ሙሉ የጮኸች ሴት ያን ቀን አልጮኸችም።

«እኔም አንድ ልጅ አለችኝ» አለች። የእንጉዳይን እጅ ወደ ላይ አነሳችው። እጁ በሕዝቡ ሁሉ ፊት ይንቀጠቀጥ ነበር። «ጃንሆይ፣ ይህ ደስታ ነው?»

ንጉሡ የልጅቷን እጅ አየ። የራሱን እጅ አየ። ሁለቱም እኩል ይንቀጠቀጣሉ። ንጉሡ አለቀሰ፤ ንጉሥ ሲያለቅስ ደግሞ አያምርም። ከአዳራሹ ጥግ አንዲት እናት «ልጄ አሟታል!» ብላ ጮኸች። ሌላዋ «የኔም አሞታል!» አለች። የዚያ የሸማኔ ሕፃን እናት «የኔ ሞቷል እኮ! በደስታ አይደለም፣ ሞቷል!» አለች። ያ ሁሉ የታፈነ ለቅሶ ያን ቀን ወጣ።

ሦስቱ አዋቂዎችማ ምን እንዳሉ ታውቃላችሁ? «እኛ ከመጀመሪያው ጠርጥረን ነበር» አሉ። ምን ይደረግ፣ አዋቂ እንዲህ ነው!

«ስቀሉት!» አለ ንጉሡ ይርሳውን እያሳየ።

«የለም ጃንሆይ» አለች አንጓች። «ቢሰቀል ለሱ ቀላል ነው። ደግሞ ነገ ሌላ ይርሳው ሌላ ቅል ይዞ ይመጣል። ሊሾሙት አልነበር? ይሹሙት።»

«ምን ብዬ?»

«ቀማሽ ብለው!»

ሾሙት። በመጀመሪያ ያንን እህል ከየጎተራው በጀርባው እየተሸከመ፣ ከወንዝም ከጉድጓድ ውሃም ከራቀ ደረቅ ኮረብታ ላይ አወጣው። እዚያ ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍሮ ቀበረው። ስልቻውን ወረሱበትና በውስጡ ሳይቆላ የተረፈውን ነቀዛም ስንዴ ለዘር አደረጉት። የቀረውን ከጎረቤት አገር ለመኑ፤ ሁለት ክረምት ተራቡ፤ ጎመን በልተው አደሩ። ሙሉጎተራ ባዶ ጎተራ ሆነ። ሰውም ቀስ ብሎ መዳን ጀመረ።

ከዚያ ወዲያ ወደዚያ አገር አዲስ ነገር ይዞ የሚመጣ ነጋዴ ሁሉ፣ ዱቄት ቢሆን፣ ቅባት ቢሆን፣ መድኃኒት ቢሆን፣ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ቀማሹ ይርሳው ነው። ይርሳው ካልቀመሰ አይሸጥም። ቀምሶም ዓመት ካልቆየ አይሸጥም። ወይ ጥንቃቄ! ወይ ጥያቄ! «ይህ ከምን ተሠራ? የት ተቆፈረ? ውሃ ሲነካው ምን ይሆናል? አንተ ራስህ ትበላዋለህ? ልጆችህስ?» ነጋዴውን ላብ በላብ ያደርገዋል። የሰው ሆድ እያሰበ አይደለም፣ የራሱን ሆድ እያሰበ ነው። ነገር ግን በዚያ አገር ታሪክ እንደሱ ያለ ጠንቃቃ ሹም ተነሥቶ አያውቅም።

እንጉዳይስ? እንጉዳይ አደገች፣ አገባች፣ ወለደች። እጇ ግን እንደ ድሮው አልሆነም። የምትፈትለው ክር አንዳንዴ ይወፍራል፣ አንዳንዴ ይቆረጣል። አንጓች እስክትሞት ድረስ ያንን ክር ለሰው አላሳየችም፤ ስታየው ታለቅስ ነበርና። የገባ መርዝ ሁሉ አይወጣም ልጆች፤ የሚወጣው ወጥቶ የሚቀረው ይቀራል።

እንግዲህ ስሙኝ፤ ይህን የነገርኳችሁ ለእንቅልፍ አይደለም። ከተባይ የሚያድናችሁን ነገር ሲያመጡላችሁ ተባዩ መሞቱን ብቻ አይታችሁ አታጨብጭቡ፤ እናንተስ ምን ትሆናላችሁ ብላችሁ ጠይቁ። «አንቺ ነቀዝ ነሽ እንዴ» ብለው ቢስቁባችሁም ሳቃቸውን ችላችሁ እንደገና ጠይቁ። አንጓች አንዴ ጠየቀችና አፍራ ተወችው፤ ሁለተኛ ብትጠይቅ ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ ነበር።

ተረቴ አለቀች፤ እኔ ተናግሬ ወጣልኝ፣ እናንተ ተሸክማችሁ ሂዱ። አሁን ተነሱና እጃችሁን በደንብ ታጥባችሁ ተኙ!